ካልተበጠሰ አትንካው?

የመኪና ባለቤቶች ሰብሰብ ባሉበት ታይሚንግ ቺንጋ ስለ መለወጥ ያነሣ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እየሠራ አይደል? ታዲያ ምን አስነካህ!» ይህን የሚለው ግድ የለሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገኝ። ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር፣ ጠዋት ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ውሃ የሚያይ፣ የጎማ ንፋስ መጉደሉን መሪው ላይ ባለ እጁ የሚለይ ጥንቁቅ ሾፌርም የሚለው ያንኑ ነው። መካኒኩ ይስማማል። ደላላውማ ከሁሉ ቀድሞ ይስማማል። ስለ መኪና ሁሉም የሚስማማበት ነገር ማግኘት ብርቅ በሆነበት አገር ሁሉም የተስማማበት ይኸው አንዱ መሳቱ ያናድዳል።

ሐሳቡ ከድንቁርና አልመጣም፤ ይህን መካድ አይገባም። የአዲስ አበባ ሾፌር ሙያውን የቀሰመው በቮልስ፣ በዲኤክስና በላዳ ነው። በቮልስ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማርሽ ነው፤ ቺንጋ የሚባል ነገር የለበትም። በዲኤክሱ 4ኬ ሞተር ሰንሰለት ነው። ላዳም፣ ባለ ቺንጋውን የ2105 ሞተር ብንተወው፣ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ደግሞ አይደብቅም፤ ሲላላ ይንኳኳል፣ በጠዋት ሲነሣ ይንሿሿል። የላዳ ሾፌር ድምፁን ሲሰማ ቁልፉን ይዞ ይወርድና የመወጠሪያዋን ቡሎን አላልቶ፣ ሞተሩን አዙሮ፣ መልሶ አጥብቆ መንገዱን ይቀጥል ነበር። በነዚያ መኪኖች ላይ «እስኪናገር አትንካው» ማለት ጥሩ ምክር ነበር። ጆሮ ዋና መሣሪያ ነበርና። ያ ትውልድ ጆሮውን ለልጁ አወረሰ፤ ልጁ የሚነዳው ሞተር ግን ሌላ፣ ባለ ቺንጋ ሆነ።

ጥርስ ያለው ቺንጋ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ መጀመሪያ የታሰበው እናቶቻችን ለሚያውቁት የሲንጀር ስፌት መኪና ነበር። በብዛት ተመርቶ ለገበያ በቀረበ መኪና ሞተር ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ 1004 መኪና ነው። ስለዚህ «ይሄ ጎማ የዘንድሮ ርካሽ ሥራ ነው» የሚሉት ቢያንስ በስድሳ ዓመት ተሳስተዋል። መሐንዲሶቹ የመረጡት ቀላል ስለሆነ፣ ዘይት ስለማይፈልግና፣ ዋናው፣ ድምፅ ስለሌለው ነው። ጸጥታው ሆን ተብሎ የተገዛ ነው። ሾፌሩ በጆሮው የሚጠብቀውን ማስጠንቀቂያ ፋብሪካው ገና ሲሠራው አውጥቶ ጥሎታል።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አልተሰነጣጠቀም» የሚለውም ከጆሮው አይሻልም። የቺንጋው ጉልበት ከላይ በሚታየው ጎማ ላይ አይደለም። ሸክሙን የሚሸከሙት በውስጡ የተቀበሩት የፋይበር ግላስ ክሮች ናቸው፤ እነሱ የሚደክሙት ማንም በማያይበት ነው። የጥንቶቹ ቺንጋዎች የተሠሩበት ጎማ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ስለነበር ማየቱ ትንሽ ይረዳ ነበር። የኋለኞቹ ሙቀት በሚችል ሌላ ጎማ የተሠሩ በመሆናቸው ጥቁርና ልሙጥ እንደሆኑ፣ አዲስ መስለው፣ አንድ ቀን ጥርሳቸውን ያራግፋሉ። ከዚያም ላይ መካኒኩ «አየሁት» የሚለው ብዙውን ጊዜ የላይኛውን ክዳን ጥግ ፈቶ የጣት ርዝመት የምታህል ክፍል ነው። ከታች በክራንክ ሻፍቱ ዙሪያ፣ ዘይት ሲያንጠባጥብ የኖረበትን ቦታ ማን አየው? ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜው በኪሎ ሜትር አይቆጠርም።

ሥራውን እናስብ። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሚታመቅ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ የተረፈ ቦታ የለም። ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚያደርጋቸው ቺንጋው ብቻ ነው። በሚኒባሶቻችን ውስጥ የሚሠሩት የቶዮታ 3ኤልና 5ኤል፣ በላንድ ክሩዘሮቹ ውስጥ ያለው 1ኤችዜድ፣ በሚትሱቢሺ ኤል 200 ውስጥ ያለው 4ዲ56፣ ሁሉም ባለ ቺንጋ ናቸው። ሲበጠስ ካምሻፍቱ ባለበት ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን በግስጋሴው ይመጣል። ቫልቭ ይታጠፋል፣ አንዳንዴ ፒስተን ይበሳል፣ ቴስታታ ይወርዳል። 4ዲ56 ደግሞ የራሱ ጉድ አለው፦ ከዋናው ሥር ሌላ አነስ ያለ ቺንጋ አለችው፤ እሷ ስትበጠስ ብጣሿ ዋናው ላይ ትጠመጠምና ይዛው ትሄዳለች። ዋናውን ብቻ ቀይሮ ትንሿን የተወ ሰው ምንም አልቀየረም ቢባል ይሻላል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ «የኔ ሞተር ቫልቭ አይነካም።» እውነት የሆነበት ጊዜ አለ። የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤስ-ኤፍኢ ቺንጋቸው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም፤ አዲስ ተገጥሞ ይነሣሉ። ቪትዝና ሁለት ሺህ ሦስት የምንላት ኮሮላማ ጭራሹን ሰንሰለት ስለሆኑ በዚህ ክርክር የሉበትም። ግን «ቫልቭ አይነካም» ማለት የሞተሩን ጥገና ወጪ እንጂ የመንገዱን ጉዳይ አይመልስም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ሞተሩ ድንገት ሲሞት ፍሬኑን አንድ ሁለቴ ረግጦ እርዳታው ያልቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብደዋል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ወይም በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ የቆመ መኪና «ቫልቬ ደህና ነው» ብሎ የሚያጽናናው የለም።

አሁን ወደሚያስቀኝም ወደሚያበሳጨኝም ነገር ልምጣ። ፋብሪካው ቺንጋው ድምፅ እንደሌለው ስለሚያውቅ ለብዙዎቹ የናፍጣ ቶዮታዎች ምላስ ሠርቶላቸዋል። በዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ትበራለች። ቺንጋው መድከሙን መርምራ አይደለም የምትበራው፤ ኪሎ ሜትር ቆጥራ ነው። ሌላ መንገድ የለማ! ቺንጋው ከተለወጠ በኋላ መብራቷ የምትጠፋበት ዘዴም ተዘጋጅቷል፦ በአንዳንዱ መኪና ከስፒድ ሜትሩ መስታወት ላይ ትንሽ የጎማ ውታፍ ተነቅላ በቀጭን ነገር ይጫናል፤ በሌላው ከበስተጀርባ አንዲት ቡሎን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ትዛወራለች። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውጤቱን መገመት ቀላል ነው። መብራቷ ስትበራ ስንቱ ቺንጋ ለወጠ፣ ስንቱስ መብራቷን አጠፋ? መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነው፤ ደላላው «አንዲት መብራት አትበራም» እያለ ያሞግሳል። ገዢው የሚረከበው የጠፋች መብራትና ዕድሜው የማይታወቅ ቺንጋ ነው። ያገለገለ መኪና ስፒድ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ሁላችንም በምናውቅበት ገበያ ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ቺንጋውን ለውጦ ቆጠራውን ከዜሮ መጀመር መሆን ነበረበት። እኛ ግን ከጎማና ከወንበር ልብስ እንጀምራለን።

ኪሎ ሜትሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በአዲስ አበባ ሙሉውን አይናገርም። ከመገናኛ ሜክሲኮ ለመድረስ ሞተሩ የሚሠራው በሰዓት ነው እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም፤ መኪናው ቆሞ ስፒድ ሜትሩም ቆሞ ቺንጋው ይዞራል፣ ይሞቃል። ቶዮታ ራሱ በመመሪያዎቹ ታክሲንና ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራን ተሽከርካሪ ለይቶ ቺንጋቸው ቀደም ብሎ እንዲለወጥ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ታክሲ ሁለቱንም ያሟላል።

የተቃዋሚዎቼን ጠንካራ መከራከሪያ ግን አላለፍኩትም፤ ለዚህ አቆይቼው ነው። «ጓደኛዬ ደህና የነበረ ሞተሩን አስነክቶ ተበላሸበት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አይጎትትም» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ይሄ ታሪክ በየጋራዡ በር ላይ ይደመጣል፤ ብዙውም እውነት ነው። የሚያሳየው ግን ቺንጋ መለወጥ መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ አገጣጠሙ መበላሸቱን ነው።

አገጣጠሙ ምን ይጠይቃል? አንደኛው ሲሊንደር ጫፍ ላይ እንዲደርስ ክራንክ ሻፍቱ ይዞራል፤ በክራንኩ ጥርስ ላይ ያለው ምልክትና በሞተሩ አካል ላይ ያለው ይገጥማሉ፤ የካምሻፍቱም እንዲሁ፤ በ3ኤልና በ5ኤል የናፍጣ ፓምፑም የራሱ ምልክት አለው። ብዙ ሰው የሚስተው ገና እዚህ ነው። ክራንኩ በሁለት ዙር ሁለቴ ጫፍ ስለሚደርስ የክራንኩ ምልክት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የካሙ ሲገጥም ነው የሚታመነው። የውጭኛው ትልቁ ፑሌጃ ላይ ያለው ጭረት ደግሞ በአሮጌ መኪና ላይ ሊዋሽ ይችላል፤ በመሃሉ ያለው ጎማ ሲለቅ የውጭው ቀለበት ይንሸራተታልና። የሚታመነው ከሥሩ ያለው ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ ነው። እሱን ለማየት ፑሌጃውን መፍታት ያስፈልጋል፤ ያን ቡሎን መፍታት ደግሞ ጉልበትም ጊዜም ይፈልጋል። ብዙ ስህተት የሚወለደው ከዚያች ሳትፈታ ከታለፈች ቡሎን ነው።

ከዚያ የቀለሙ ዘዴ አለ። መካኒኩ አሮጌው ቺንጋ ላይና ጥርሶቹ ላይ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙን በአዲሱ ላይ ቆጥሮ ያስተላልፋል፣ እንዳለ ይገጥማል። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ብልህነትም ይመስላል። ነገር ግን የቀደመው መካኒክ አንድ ጥርስ አሳስቶ ገጥሞ ከነበረ ቀለሙ የሚያስተላልፈው ያንኑ ስህተት ነው። ክራንኩ ላይ ያለው ጥርስ 20 ቢሆን የአንዱ ጥርስ ልዩነት 18 ዲግሪ ነው፤ ግማሽ ጥርስ የሚባል ማስተካከያ የለም። አንድ ጥርስ የሳተ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ይነሣል! ችግሩም እሱ ነው። ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ትንሽ ይደክማል፣ ትንሽ ነዳጅ ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለድካሙ ሰበብ አይጠፋም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሁሉም ሞተር ትንሽ ደካማ ነው። «ከፍታው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ካልታለፈ ጆሮ ተመልሶ ይመጣል። ዲስትሪቢውተር ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ዲስትሪቢውተሩን በእጁ ያሽከረክራል፣ ድምፁ ሲያምርለት ያጠብቃል። በናፍጣው ላይ ፓምፑን በቡሎኖቹ ልክ ገፋ ያደርጋል። ያስተካከለው ግን የማቀጣጠያውን ወይም የናፍጣውን ሰዓት ነው፤ ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ሰዓት እዚያው እንደተሳሳተ ነው። ሁለቱ አንድ ሞተር ውስጥ ያሉ የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው፤ አንዱን አበላሽቶ ሌላውን ማረም አይቻልም፤ ማስመሰል ግን ይቻላል። በዚህ የተካኑ፣ ስማቸው የተጠራ ባለ ጆሮዎች አሉ። ችሎታቸውን አልንቅም፤ በላዳ ዘመን ቢሆን ኖሮ እኔም ወረፋ እይዝላቸው ነበር።

ስህተቱን የሚያጋልጠው ፍተሻ ምንም ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ቺንጋው ከገባ፣ የመወጠሪያው ስፕሪንግ ከሠራ በኋላ ክራንኩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ምልክቶቹ ተመልሰው ካልገጠሙ ቺንጋው ይውጣና እንደገና ይጀመር። በመሃል እጅን የሚይዝ ነገር ካለ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል ማለት ነው፤ በእጅ ሲሆን ቆም ብሎ መመለስ ይቻላል፣ በሞተሪኖ ሲሆን አይቻልም። በቺንጋው ላይ ያሉት የቀለም መስመሮች ከዙሩ በኋላ ባይገጥሙ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ የቺንጋው ጥርስ ብዛት ሌላ ስለሆነ ተመልሰው የሚገናኙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። የሚታዩት የብረቶቹ ምልክቶች ናቸው። መወጠሪያውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ «እንዳይላላ» ብሎ ማጥበቅም የተለመደ ነው፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላል፤ በ5ኤስ-ኤፍኢ ላይ ደግሞ የውሃ ፓምፑን ራሱን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ እሱንም ይዞ ይጠፋል። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማስገባትም ከዚያ አይለይም። ኩሽኔታው ሲነክስ የሚበጠሰው አዲሱ ቺንጋ ነው፤ ስሙ የሚጠፋውም የአዲሱ ነው።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃ የሚነሣውን ስጋትም እጋራለሁ። ሶማሌ ተራ ላይ ሣጥኑ ብቻ ኦሪጅናል የሆነ ቺንጋ ሊያጋጥም ይችላል። ኦሪጅናሉን ራሱ ግን በገዛ እጃችን እንገድለዋለን፤ ገዢው ሁለት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የፋይበር ግላስ ክር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ጎማው ተመልሶ ይቃናል፣ ክሩ አይቃናም። ሻጩ ቢያጥፍብዎ አይቀበሉት።

አሁን የባለቤቱን ፍርሃትና የመካኒኩን ስህተት አንድ ላይ ማየት ይቻላል። ባለቤቱ «አትንካው» የሚለው መካኒኩ አሳስቶ ይገጥማል ብሎ ስለሚፈራ ነው። መካኒኩ የሚያሳስተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቺንጋው ጋር የሚገናኘው ከተበጠሰ በኋላ ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ካሙ አንድ ቦታ፣ ክራንኩ ሌላ ቦታ፣ ፓምፑ ሌላ ቦታ ቆመዋል። ካሙን ከማዞሩ በፊት ፒስተኖቹ መሃል ላይ እንዲሆኑ ክራንኩን መመለስ እንዳለበት ካላወቀ ደህና የነበረውን ቫልቭ በቁልፉ ያጥፈዋል። ሳይበጠስ የመጣለት ሞተር ግን ክዳኑ ሲከፈት ሁሉም በቦታው ነው፤ ምልክቱን አግጥሞ፣ አይቶ፣ ቆጥሮ መፍታት ይችላል። ሥራው ቀላል የሚሆነው በደህና ሞተር ላይ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ደህናውን ከልክለን የተሰበረውን ብቻ እየላክን በመካኒኩ እንማረራለን። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ያለን ሕዝብ ስለ ቺንጋ ሲሆን እስኪደርቅ መጠበቃችን ይገርመኛል።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ይሄ ሁሉ ሊቀር ነው» የሚል አዲስ መልስ ደግሞ ሰሞኑን ይሰማል። የኤሌክትሪክ መኪና ታይሚንግ ቺንጋ እንደሌለው እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ግን ያሉት ከመንገድ አልወጡም። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶ ነበር። ተተኪ የማይመጣለት ሞተር ዕድሜው እንዲረዝም ነው የሚፈለገው። ክልከላው ቺንጋውን ያረጀ ጉዳይ አላደረገውም፤ ይልቁንም ቢሰበር በሌላ በማይተካ ሞተር ላይ አስቀመጠው።

የቀረው ገንዘብ ነው። እውነቱን ለመናገር የሐሳቡ ሥር እዚህ ይመስለኛል። ሚኒባሱ የአንድ ሰው ነው፤ የሚነዳው ሌላ ነው። ሾፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ቺንጋ መለወጥ የባለንብረቱ ወጪ ነው፤ የቀኑ መቆም ግን የሾፌሩም የረዳቱም ጾም ነው። ሾፌሩ መብራቷ እንደበራች ቢናገር የራሱን ቀን ያጣል፤ ባይናገርና ቢበጠስ «በድንገት ነው» ይላል፣ ማንም አይወቅሰውም። ባለንብረቱም መኪናውን የሚያየው ማታ ማታ ነው። ስለዚህ «ካልተበጠሰ አትንካው» ለሁለቱም የሚመች ስምምነት ሆኖ ይኖራል፤ ቴስታታ እስኪወርድ ድረስ። ያኔ ሚኒባሱ የሚቆመው ለአንድ ቀን አይደለም፤ ሾፌሩም ሌላ መኪና ፍለጋ ይሄዳል።

ዘይት ስንቀይር የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍልናል፤ ለቺንጋው ግን ይህ አልተለመደም። የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር በክዳኑ ላይ በማይለቅ ቀለም ቢጻፍ ደላላውም መብራቷም የሚዋሹበት ቦታ ያጣሉ። ባለንብረቱና ሾፌሩም በውላቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ቺንጋ በሚለወጥበት ቀን ገቢ አይጠየቅም። ያኔ መካኒኩ ሞተሩን የሚያገኘው ሳይበጠስ፣ ምልክቱ ሁሉ በቦታው እያለ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያሳስት ምክንያት የለውም።